ብሩ መጥቶ ነበር እኮ፦ «በጀት ባይገድበኝ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ታላቄ «በጀት ባይገድበኝ» በሚል ርዕስ የጻፉት ጽሑፍ በዲዛይነሮች መንደር ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ በአንድ ቀን ከሦስት ሰው ደረሰኝ፤ ሦስተኛዋ ላኪ «አንቺ መቼም ዝም አትይም» የምትል ማስታወሻ አክላበታለች። ልክ ናት።

ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ ጸሐፊው የኢትዮጵያ ዲዛይነር ያነሰው ገንዘብ እንጂ ችሎታ አይደለም ይላሉ። ካዝናው ቢከፈትላቸው የሚሠሯቸውን አምስት ሥራዎችም ይዘረዝራሉ። ለግዕዝ ፊደል ከስስ እስከ ጥቁር ሁሉም ክብደት (የፊደሉ ውፍረት ማለት ነው) ያለው ታላቅ የፎንት ቤተሰብ፤ እንደ ሲድኒው ኦፔራ ቤት ሒሳብ ሳይቆጠርበት የሚቆም የጥበብ አዳራሽ፤ ለላሊበላ የሚመጥን የመስታወት ጉልላት፤ የአዲስ አበባ ታፔላ በሙሉ ወርዶ በአንድ እጅ እንደ አዲስ መነደፍ፤ በመጨረሻም የሕትመት ሙዚየም። መሀል ላይ ደግሞ ከባዶ መሬት ስለሚነሳ የዲዛይን ከተማ አንድ አንቀጽ ጣል አድርገዋል።

ማለማቸውን አልቃወምም። ቅድመ ክፍያ ሳይከፍል «እስኪ ሦስት አማራጭ አምጪና እንያቸው» በሚል ደንበኛ የምንተዳደር ሰዎች፣ ማለምም ባንችል ኖሮ እስካሁን ሙያውን ጥለን ሸቀጥ እንነግድ ነበር። ፈረንሳዊው አርክቴክት ቡሌ እ.ኤ.አ. በ1784 ለኒውተን መታሰቢያ ብሎ 150 ሜትር ከፍታ ያለው ድቡልቡል ሕንፃ ነድፎ ነበር። ማንም አልሠራውም፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ የአርክቴክቸር ተማሪን ያስደነግጣል። እንዲህ ያለ ሕልም የሚፈጀው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። የጸሐፊው ግን ሕልም የለበሰ ክርክር ነው። «ብር ቢኖር» የሚሉን «ብር ስለሌለ ነው እንዲህ የሆንነው» ለማለት ነው። የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ከዘረዘሯቸው ሥራዎች ለአብዛኞቹ ብሩ መጥቶ ነበር እኮ። ያልመጣው፣ ወይም መጥቶ ያልቆየው፣ ከምርቃቱ ማግስት ሥራው ዘንድ የሚያድር ሰው ነው።

ከፊደሉ ልጀምር፤ እንጀራዬ ነውና ሊረዝም ይችላል። ጸሐፊው «ገንዘብ ቢገኝ በአንድ ዓመት ተሠርቶ ይወጣል» ያሉት የፎንት ቤተሰብ ተሠርቶ ወጥቷል። ጉግል ኖቶ የሚባል ፕሮጀክት አለው፤ ዓላማው በየትኛውም ቋንቋ የተጻፈ ነገር ስክሪን ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ እንዳይቀር ነው። ያቺን ባዶ ሣጥን የሙያው ሰዎች «ቶፉ» ይሏታል፤ ኖቶም «ቶፉ ይቅር» እንደማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ጥቁር ዘጠኝ ክብደት አለው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የሚባል ወንድምም አለው። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ፣ ለንግድም ቢሆን ማንም አይጠይቅህም። ከዚያ በፊት ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለቋል፤ አፕል ከፋን፤ ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው የቋንቋ ድርጅት አቢሲኒካን። ፊደሉ ራሱ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ የጋራ ቁጥር በሚያውቁበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንግዲህ ጸሐፊው በሕልማቸው ከሚያዩት ካዝና የሚበልጥ ካዝና ያላቸው ኩባንያዎች እጃቸውን ዘርግተው ሰጥተውናል።

አሁን ወደ አንድ ማተሚያ ቤት አብረን እንግባ።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ የቀን መቁጠሪያ ላሳትም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እጇ ከማውሱ ይቀድማል። የፎንት ዝርዝሩን ስትከፍት ላቲኑ ወርዶ ወርዶ አያልቅም፤ አማርኛው አራት ነው። ከአራቱ ሁለቱ ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ፣ ፊደሎቻቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። እነዚህን የሚያውቅ ያውቃቸዋል፦ እዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለህ የጻፍከው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና የነጠላ ሰረዝ ትርምስ ይሆናል። ከቦርሳዬ ፍላሽ አውጥቼ ኖቶን ጫንኩላት። «ውይ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የኛ ነው?» አለች፤ ስሱን እያየች። ቀን መቁጠሪያው አምሮ ወጣ።

ጥቅምት ላይ ለሌላ ሥራ ስመለስ ፎንቱ የለም። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ተደርጓል። አራቱ የድሮ ፎንቶች ግን ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፎርማት የሚያደርገው ልጅ በሃርድ ዲስኩ ይዞ የሚዞረው እነሱን ነዋ! ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። በዚህ ከተማ የፊደላችንን መልክ የሚወስነው ዲዛይነር አይደለም፤ ጉግልም አይደለም። ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት እየዞረ ዊንዶውስ የሚጭነው ያ ልጅ ነው። ለእሱ ማንም በጀት አልያዘለትም፤ ቢያዝለትም ብዙ አይፈጅም ነበር።

«በአንድ ዓመት» የምትለዋም ቃል ዝም ብላ መታለፍ የለባትም። ጸሐፊው ብሩ ከተገኘ ሠራተኛ ማብዛት ነው ብለው አስበው ይሆናል። ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 33 ፊደላት በሰባት ብናባዛ 231 ነው፤ ቨን፣ ዲቃሎቹን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ስንጨምር ሦስት መቶ ገደማ እንደርሳለን። ብዛቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ፊደሉ ሕግ ያለው መስሎ ሕግ የሚሽር መሆኑ ነው። ካዕቡ ወገቡ ላይ ይቀጥላል፣ ሣልሱ እግሩ ሥር፤ እስከዚህ ድረስ አንዱን ስለህ ለሌላው መገልበጥ ትችላለህ። ራብዕ ላይ ባ ግራ እግሩን ያሳጥራል፣ እግሩ አንድ የሆነው ታ ግን የሚያሳጥረው ስለሌለው ያጎብጠዋል። ሳድስ ሲደርስ ሕግ የሚባለው ያበቃል። ልን፣ ብን፣ ርን፣ ንን አስተያዩአቸው፤ አራቱም ሳድስ ናቸው፣ አራቱም እንደየራሳቸው ናቸው። ደግሞ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉም በላይ ዓይን የሚያርፍበት ሳድስ ነው።

ኃምስ ደግሞ የራሱ መከራ አለው። ቤ እግሩ ሥር ያለችው ቀለበት በስሱ ክብደት ላይ ክፍት ናት፣ ታምራለች። ጥቁሩ ላይ ግን ግድግዳዋ ሲወፍር መሀሏ ይጠብባል። በስምንት ነጥብ፣ ማለትም በደቃቅ የፊደል መጠን፣ ቀለም በሚመጥ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለበቷ ትሞላና ቤ ቢ ይሆናል፤ «ቤት» የሚለው «ቢት» ተብሎ ይነበባል። ቀለበቷን ላሳድግ ብትል ፊደሉ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ጎረቤቱን ይገፋል፤ መስመሩ ይዝረከረካል። እኔ አንድ ክብደት ብቻ ስሠራ ለኃምሱ አራት ወር ፈጅቶብኛል። እየሳልኩ፣ ሠፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በመጥፎ ወረቀት እያተምኩ፣ ለእናቴ ያለ መነጽር እያስነበብኩ። እናቴ «ቢት» ስትል ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ። በአሥር እጥፍ ብር አሥር ሰው ብቀጥር አራቱን ወር ወደ አሥራ ሁለት ቀን አላወርደውም ነበር። አሥር ሰው አሥር ዓይነት ቀለበት ይዞ ይመጣል፣ የእናቴ ዓይን ደግሞ ያው አንድ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሲታተም፣ አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ገንዘብም አታሚም አላጣም ነበር። ያለ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግን የትም አይደርስም ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጦ ፊደሉን ያስቆጠረው እሱ ነው። ፖትከን ያን ሁሉ ተምሮም ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ አሳትሟል፤ ደንበኛ መቼም ደንበኛ ነው።

ወደ ኦፔራ ቤቱ ልሂድ። ጸሐፊው የሲድኒውን አዳራሽ «ገንዘብ ሳይቆጠር ሲቀር ምን እንደሚወለድ» ማሳያ አድርገው አቅርበውታል። ታሪኩ ግን የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ነው። ዴንማርካዊው ዮርን ኡትሶን ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያሸንፍ ግምቱ 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ሕንፃው በ1973 ሲመረቅ 102 ሚሊዮን ወጥቶበታል፤ አብዛኛው በሎተሪ የተሰበሰበ ነው። ብሩ ከመገኘት አልቦዘነም ማለት ነው። የጎደለው ሌላ ሌላው ነው። ፖለቲከኞቹ ቸኩለው በ1959 ግንባታ ሲያስጀምሩ ጣሪያው በምን እንደሚቆም ገና አልተፈታም ነበር። ሲፈታ ታች የቆሙት ዓምዶች ሊሸከሙት እንደማይችሉ ታወቀና ፈርሰው እንደገና ተሠሩ።

ያ ዓለም የሚያውቀው የሸራ ቅርጽ ራሱ የመጣው ከችግር ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ላይ እያንዳንዱ የጣሪያ ቅርፊት የየራሱ ነፃ ጉብታ ነበረው። እንደዚያ ከሆነ ለእያንዳንዱ የኮንክሪት ቁራጭ የተለየ ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚፈስስበት ቅርጽ ማውጫ) ይሠራ ዘንድ ግድ ነው፤ ይህ ደግሞ በገንዘብም በሒሳብም የሚቻል አልነበረም። ዓመታት ካለፉ በኋላ በ1961 መፍትሔ ተገኘ፦ ቅርፊቶቹ በሙሉ ከአንድ ሉል ገጽ ላይ ይቆረጡ። ብርቱካን የትም ቦታ ብትቆርጪው ልጣጩ እኩል እንደሚጎብጠው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ቅርፊቶቹን የሚሸከሙት የኮንክሪት ዘንጎች በጥቂት ቅርጽ ማውጫ እየተደጋገሙ ይፈስሳሉ፤ ከላይ የለበሱት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የሸክላ ንጣፎችም በሥርዓት ይገጥማሉ። ገንዘብ ገደብ ባይሆን ኖሮ ያ ሉል ባልተገኘ፣ እኛም ዛሬ ፖስት ካርድ ላይ የምናየው ቅርጽ ባልኖረ።

ከዚያስ? አዲስ መንግሥት ተመርጦ በክፍያና በሥልጣን ጭቅጭቅ ተነሳና ኡትሶን በ1966 ለቆ ሄደ። ውስጡን ሌሎች ጨረሱት። ለኦፔራም ለኮንሰርትም የታሰበው ትልቁ አዳራሽ ለኮንሰርት ብቻ ተሰጠ፤ ኦፔራው ወደ ትንሹ ተዛወረ፣ ሙዚቀኞቹም ከመድረኩ ሥር ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተጨናነቁ። «ኦፔራ ቤት» ተብሎ ኦፔራ የጠበበው ቤት! የትልቁ አዳራሽ ድምፅም ሲታማ ኖሮ፣ ገና በ2022 ነው ከትልቅ እድሳት በኋላ የተከፈተው። ኡትሶንን በ1999 ይቅር ተባብለው ለወደፊቱ እድሳት መመሪያ የሚሆን ሰነድ እንዲያዘጋጅ ጠየቁት፤ አዘጋጀላቸው። ያለቀውን ሕንፃ ግን በዓይኑ ሳያይ በ2008 አረፈ። 102 ሚሊዮኑን ያገኙ ሰዎች አንዱን ሰውዬ ማቆየት አልቻሉም።

ጸሐፊው ሲድኒ ድረስ መሄድም አልነበረባቸውም። ካዛንቺስ አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ አለላቸው። ጣሊያናዊው መዜዲሚ ነድፎት በ18 ወር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለበት ነው። ብሩም ጊዜውም የተቆረጠ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ መስታወቱን ጨምሮ ታድሶ በ2024 ዳግም ተከፍቷል። የቀን ገደቡ ከጥበቡ ምን እንደቀነሰበት ገብቶ ያየ ይንገረኝ።

ስለ ላሊበላ የመስታወት ጉልላት ብዙ አልልም፤ ያሳዝነኛል። መስታወት ፀሐይ ያስገባል፣ ሙቀት ግን አያስወጣም። አበባ እርሻ የገባ ሰው ያውቀዋል። ዝናብ የሸረሸረውን አለት ከዝናብ አድነን በሙቀትና በወበቅ ልናበስለው ነው? ይልቅ እዚያም ብሩ መጥቶ እንደነበር ላስታውስ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ቆሙ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ሸፈኑ። ሲቆሙ «ጊዜያዊ» ናቸው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የላሊበላ ሕዝብ እነዚያ ብረቶች ወድቀው ቤተ ክርስቲያኖቹን ያፈርሱብናል ብሎ አደባባይ ወጣ። ለማቆም ገንዘብ የሚሰጥ ይገኛል፤ ለማንሳት የሚሰጥ ግን ቶሎ አይገኝም። በጎን ደግሞ በዓለም ሐውልቶች ፈንድ ድጋፍ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሲጠገን የአካባቢው ሰዎች ሙያውን እየተማሩ ነው የተሠራው። ስንጥቁን የደፈነው እጅ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ፤ በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ሲገባ የሚጠራው ሰው አውሮፕላን አይጠብቅም።

ስለ ከተማውም አንዲት ነገር። ጸሐፊው በአርአያነት የጠቀሱት ሳዑዲ ውስጥ የታቀደው ዘ ላይን፣ 170 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 500 ሜትር ከፍታ፣ 200 ሜትር ስፋት ያለው ባለመስታወት ግድግዳ ነው። ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የዜና አውታሮች እንደዘገቡት እስከ 2030 የሚደርሰው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእውነት ገንዘብ የማይገድበው ደንበኛ ሲገኝ እንኳን እንዲህ ነው። ልለፈው።

ታፔላ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ጨክነዋል። የአዲስ አበባ ታፔላ «የዓይን ቁስል» ነው፤ ሁሉም ይውረድና አንድ እጅ ይንደፈው ይላሉ። ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች የሕንፃ ፊት አንድ ዓይነት ቀለም ሲቀባ አይተናል። ጥራቱን አልክድም፤ ግን ልጄ አንዴ «ማሚ፣ የኛ መታጠፊያ የቱ ነበር?» ብላኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት «ብሩን አትይ፣ ሥራውን ብቻ እይ» ብሎ ሥራ ሰጠኝ። በሕይወቴ አንዴ ብቻ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር ነው። ለየቅርንጫፉ ታፔላ ነደፍኩ፤ ከውጭ የመጣ አክሪሊክ፣ ፊደል በፊደል ተቆርጦ ከጀርባው ኤል.ኢ.ዲ. የሚበራ። ምርቃት ማታ ሳየው አለቀስኩ ብል አላፍርም። ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ማታ በታክሲ ሳልፍ ከስሙ ውስጥ ሁለት ፊደል ብቻ በርተዋል፤ አንዱም ይንቦገቦጋል። ደወልኩ። «መለዋወጫው የለም፣ የጥገና በጀት አልያዝንም» አሉኝ። በወሩ እኔ የነደፍኩት ላይ በሽቦ የታሰረ የባነር ሸራ ተወጥሮበት አገኘሁት። ፎንቱስ? ከአራቱ አንዱ።

ከቤቴ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ታፔላው ቆርቆሮ ነው፤ በዘይት ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ። የጻፉት ሰውዬ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ብሩሽና ሁለት ጣሳ ቀለም ይዘው ይመጣሉ። መሰላሉን ልብስ ሰፊው ይይዛል። ኖራ የነካ ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ጠብ ያደርጉታል፤ ነጭ መስመር ይወጣል። ከዚያ የለቀቀውን ፊደል ብቻ እየመረጡ ይደግሙታል። እንዴት እንደሚመርጡ አንዴ ጠየቅኳቸው። «ከታክሲ ወርጄ ስመጣ ነው የማየው፤ ከመንገዱ ማዶ ያልተነበበኝን እደግማለሁ» አሉኝ። የእሳቸው ሶ ቀኝ እግሩ ከልክ በላይ ያጠረ ነው፤ እኔ ብሆን አላደርገውም። ግን ከማዶ ሆነህ ስታየው ሳ ነው ሶ ነው ብለህ አትጠራጠርም። የእኔ አክሪሊክ ተሸፍኖ ያ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ይነበባል። «ይውረድ» የሚባለው እንግዲህ ይህም ጭምር ነው።

አምስተኛው ላይ፣ የሕትመት ሙዚየሙ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ጸሐፊው ለምን ከመጨረሻ እንዳስቀመጡት አልገባኝም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ እንኳን ብንቆጥር ከመቶ ዓመት በላይ የአገር ውስጥ ሕትመት ታሪክ አለን። ኢንጂነር አያና ብሩ ያን ሁሉ ፊደል በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ እንዴት እንዳስቀመጡት ቁጭ ብሎ ማየት ለአንድ ወጣት ዲዛይነር ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይበልጥበታል። እዚህ ላይ ገንዘቡም ያስፈልጋል፤ ግን ትንሽ ነው፣ ደግሞም ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜው እያለቀ ነው።

አጎቴ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር የሚደረድር። ልጅ ሳለሁ ሥራ ቦታው ወስዶኝ ያውቃል። ከፊቱ ያለው የእንጨት ሣጥን በትንንሽ ቤት የተከፋፈለ ነው። ሳድሶቹ እጁ ሥር፣ ብዙ የማይፈለጉት እነ ፐ እና ጰ ዳር ላይ። ሣጥኑን ሳያይ ይለቅማል፤ እርሳሱ እርሳስ ሲነካ ቀጭ ቀጭ ይላል። መስመሩን ተገልብጦ ያነብበዋል፤ ቤት ሲመጣም ጋዜጣ ገልብጦ እያነበበ ያስቀን ነበር። ጠዋት ጠዋት ወተት ይሰጣቸዋል፣ ለእርሳሱ ይሆናል ተብሎ። ኦፍሴት፣ ያ የእርሳስ ፊደል የማይፈልገው የሕትመት ዘዴ፣ ሲመጣ ያ ሁሉ ፊደል የት ገባ? የአጎቴን ሣጥን አላውቅም። ሌላ ቦታ ግን በማዳበሪያ ተሞልቶ በኪሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገዢው ባትሪ ለሚሠሩ ሰዎች ነበር የሚወስደው። ካለችኝ ላይ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ፊደሎቹ ተቀላቅለዋል፤ አጎቴ አርፏል፤ የትኛው የየትኛው ነጥብ እንደሆነ የሚለይልኝ ሰው እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ስለዚህ ሙዚየሙ ሕንፃ ከመሆኑ በፊት ያ ሰው ነው። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ተመልከቱ፤ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2019 በሩ ከመከፈቱ በፊት ለዓመታት መሬቱን እያከሙ፣ ግድግዳውን በእጅ እየለሰኑ እዚያው ነበሩ። ጭቃ ደግሞ ጠባዩ ነው፤ በየጊዜው የሚለስነው ይፈልጋል። ጸሐፊው «በአፍሪካ ትልቁ» ከሚሉት የሕትመት ሙዚየም ይልቅ እኔ አንድ ጡረተኛ ፊደል ለቃሚ ደመወዝ የሚከፈልበት ሁለት ክፍል ቤት ቢሰጡኝ እመርጣለሁ።

ጋሼ፣ ከተቀየሙኝ ይቅርታ። እርስዎ በእጅ የሳሏቸውን የመጽሐፍ ሽፋኖች እያየሁ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት፤ ያኔ ማንም ካዝና አልከፈተልዎትም። አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎት። ፎርማት የሚያደርገውን ልጅ ስልክ ከማተሚያ ቤቷ ልጅ ተቀብያለሁ። አነጋገርኩት፣ «ፎንት ከሆነ አምጪ፣ ሃርድ ዲስኬ ላይ ቦታ አለኝ» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ልንገናኝ ነው። ፍላሹን እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ከመጡ የኖቶን ኃምስ አብረን አይተን የቱ ክብደት ለጋዜጣ እንደሚሆን ይመርጡለታል። ማኪያቶው በእርስዎ ነው።